የምናውቃቸው የሚመስሉን አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት



በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት መማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ስለዚህ ከእንፍራንዝም ሆነ ከሌላ ትንሽ ከተማ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በአንድ ወረቀት ሁለት ነገር ይፈተናል፤ ትምህርቱንም ቋንቋውንም። ብዙዎቻችን የምንፈራው ረጅምና እንግዳ ቃል ነው። ግን የእንግዳ ቃል ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ አለማወቃችንን ስለምናውቅ መዝገበ ቃላት እንገልጣለን። ነጥብ የሚያስጥለን የምናውቀው የሚመስለን ቃል ነው።

መፍትሔው ለእኛ አዲስ አይደለም። ነሕው የቀራ ደረሳ ዘይድንና ዐምርን በደንብ ያውቃቸዋል። ኡስታዙ ፍቺውን ይሰጣል፤ ወዲያው በዘይድ ወይም በዐምር ምሳሌ ያሳያል፤ ቀጥሎ ደረሳው የራሱን ምሳሌ ያመጣል። ምሳሌ ማምጣት ካቃተው ፍቺውን በቃሉ ቢወጣውም አልገባውም ማለት ነው። እንግሊዝኛውንም በዚሁ መንገድ እንቅራው።

1. ወርክ፦ በተለመደው ንግግር «ሥራ» ነው። በፊዚክስ ግን ኃይል ዕቃን ሲያንቀሳቅስ፣ ኃይሉ በራሱ አቅጣጫ በተሄደው ርቀት ተባዝቶ የሚገኘው ውጤት ነው።
ምሳሌ፦ «ሺ ዲድ ኖ ወርክ ኦን ዘ ጄሪካን።» በጄሪካኑ ላይ ወርክ አልሠራችም።
20 ሊትር ውኃ ይዞ መቆም ክንድ ያዝላል፤ ጄሪካኑ ካልተንቀሳቀሰ ግን ወርኩ ዜሮ ነው። ውኃው 1 ሜትር ወደ ላይ ሲነሳ 196 ጁል ያህል ይሆናል።

2. ሞመንት፦ የተለመደው ፍቺ «ቅጽበት» ነው። በምህንድስና ኃይል አንድን ነገር የማዞር አቅሙ ነው፤ ኃይሉ ከመዞሪያው ነጥብ ባለው ቀጤ ነክ ርቀት ይባዛል።
ምሳሌ፦ «ዘ ሞመንት ኢዝ ስሞል ኒር ዘ ሂንጅ።» በማጠፊያው አጠገብ ሞመንቱ ትንሽ ነው።
በር በማጠፊያው በኩል ሲገፋ የሚከብደው፣ በእጀታው በኩል የሚቀለው ለዚህ ነው።

3. ስትሬስ፦ የተለመደው ፍቺ «ጭንቀት» ነው። በምህንድስና ኃይል ለሚያርፍበት ስፋት ሲካፈል ነው።
ምሳሌ፦ «ዘ ዎል ኦቭ ጉዛራ ኢዝ ቲክ፤ ሶ ዘ ስትሬስ ኢዝ ሎው።» የጉዛራ ግንብ ወፍራም ስለሆነ ስትሬሱ ዝቅተኛ ነው።
10,000 ኒውተን በ0.1 ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ 100,000 ፓስካል ነው፤ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን 50,000 ይሆናል።

4. አሱም፦ የተለመደው ፍቺ «መገመት» ነው። በጥያቄ ውስጥ ሲመጣ ግን ገምቱ አይደለም፤ «ይህን እንደ እውነት ተቀብላችሁ ቀጥሉ» የሚል ትእዛዝ ነው።
ምሳሌ፦ «አሱም ዛት ፍሪክሽን ኢዝ ዜሮ።» ሰበቃ እንደሌለ ውሰዱ።
ይህ ከተባለ በኋላ ሰበቃን ማስላት ጊዜ ማባከን ነው።

5. ሪስፔክቲቭሊ፦ ከ«ሪስፔክት» ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው «በአክብሮት» ይለዋል። ትክክለኛው ፍቺ «እንደ ቅደም ተከተላቸው» ነው።
ምሳሌ፦ «ዘይድ ኤንድ ዐምር ስኮርድ 70 ኤንድ 85 ሪስፔክቲቭሊ።» 70 የዘይድ ነው፣ 85 የዐምር።
በላጋ የቀራ ሰው ይህን «ለፍ ወነሽር» ብሎ ያውቀዋል። ቅደም ተከተሉን የሳተ ተማሪ ቀመሩን እያወቀ ቁጥሮቹን አለቦታቸው ያስገባል።

መለማመጃ፦ «ፓወር»፣ «ሎድ» እና «ፊልድ» የሚሉትን ቃላት ደብተራችሁ ላይ አስፍሩ። ለእያንዳንዱ የተለመደውን ፍቺ፣ በትምህርታችሁ ያለውን ፍቺ፣ ከዚያም ከሰፈራችሁ ወይም ከቤታችሁ የተወሰደ አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ዓረፍተ ነገሩን ከመጽሐፍ አትገልብጡ። ከዚያ ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ ተራረሙ፤ እህቶችም በየዶርማችሁ እንዲሁ አድርጉ። በቀን ሦስት ቃል ቢያዝ በወር ወደ 90 ይደርሳል። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን።