ጤናማ ምግብ እየበላን ኪሎ የማይቀንሰው ለምንድነው?

 

«ዶክተር፣ ሥጋ ከተውኩ ቆየሁ፣ ለስላሳ አልጠጣም፣ ጁስና አትክልት ነው የምወስደው። ኪሎዬ ግን ንቅንቅ አላለም። ምን ሆኜ ነው?»

ይህ ጥያቄ እዚህ ጎንደር በተለይ ከጾም ወራት በኋላ ይበዛል። እኛ ቁስቋም አካባቢ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ጽጌን የሚጾም ብዙ ሰው አለ። ኅዳር 6 የቁስቋም በዓል አልፎ ሚዛን ላይ ሲወጣ «እንዲያውም ጨምሬያለሁ!» የሚል አይጠፋም። ጾም የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ለኪሎ ተብሎ አልተሠራም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ስለሆነ ዛሬ አብረን እንየው።

1. «ጤናማ» ማለት «ካሎሪው ትንሽ» ማለት አይደለም

ካሎሪ ማለት ምግብ ለሰውነታችን የሚሰጠው የኃይል መጠን መለኪያ ነው። 1 ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ካሎሪ ገደማ አለው። 1 ግራም ፕሮቲንም እንዲሁ 4። 1 ግራም ቅባት ግን 9 ካሎሪ ነው፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። አልኮል ደግሞ 7።

ከምናወጣው በላይ ካስገባን ትርፉ በስብ መልክ ይቀመጣል። ሰውነት ትርፉ ከክትፎ ይምጣ ከተልባ አይመርጥም።

ዘይትን ውሰዱ። ከኑግ ይጨመቅ፣ ከሰሊጥ ይጨመቅ፣ ከውጭ የመጣ የወይራ ዘይት ይሁን፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ነው። ለልብ ያላቸው ጥቅም ይለያያል፤ ካሎሪያቸው ግን ያው ነው። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ማር፣ አቮካዶም ጥሩ ምግቦች ናቸው፤ ሁሉም ግን በትንሽ መጠን ብዙ ካሎሪ የያዙ ናቸው።

2. እስኪ አንድ የጾም ቀን እናስላ

እንጀራውን፣ ሽሮውንና ምስሩን ለጊዜው እንተወውና «ምንም አይደል» ብለን የምናልፋቸውን ብቻ እንቁጠር።

👉 ወጡ ውስጥ የገባ ዘይት፦ ለሦስት ሰው በተሠራ ወጥ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት (ወደ 5 የሾርባ ማንኪያ) ቢገባ 600 ካሎሪ ነው፤ ለአንድ ሰው 200። ምሳና እራት ሲሆን 400።
👉 አንድ እፍኝ ለውዝ (30 ግራም)፦ ወደ 170።
👉 የአቮካዶ ጁስ፦ አንድ መካከለኛ አቮካዶ 240፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር 100፤ በድምሩ 340።
👉 ቡና ከአቦል እስከ በረካ፣ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፦ ወደ 100።

ሲደመር ከ1,000 ካሎሪ በላይ! እንጀራውን ገና አልነካነውም። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ ኬክ የለም። ሁሉም «ጤናማ» የሚባል ነው።

3. ለምን አይታወቀንም?

አንደኛ፣ የሚጠጣ ካሎሪ እንደሚታኘክ ምግብ አያጠግብም። ሙሉ ብርቱካን ስትበሉ ቃጫው ሆድ ይሞላል። ጁሱ ግን የሦስት ብርቱካን ስኳር ይዞ በሁለት ደቂቃ ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ ገበታችን የጋራ ነው። ማን ስንት እንደበላ አይታይም፤ ወጥ ይጨመራል፣ እንጀራ ይደረባል፣ ጉርሻው ይመጣል። ጉርሻ ደግሞ አንድ ሆኖ አይቀርም! 😄

ሦስተኛ፣ እስከ 9 ሰዓት የቆየ ሆድ ሲፈታ በፍጥነት ይበላል። ቁርስ ላይ የቀረው ምሳና እራት ላይ ይካካሳል።

አራተኛ፣ እንቅስቃሴያችንን አጋነን እንገምታለን። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ በግምት 150 ካሎሪ ያወጣል። የቁስቋምን ዳገት መውጣት ለልብ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ነገር ግን ከዳገቱ በኋላ አንድ ስኳር ያለው ጁስ ከጠጣን የወጣው ተመልሶ ገባ።

በዚህ ላይ የታወቀ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ «ትንሽ እየበላን አንቀንስም» የሚሉ ሰዎች ተጠኑ። የሰውነታቸው የኃይል አጠቃቀም ጤነኛ ነበር። የበሉትን ግን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አብዝተው ነበር የተናገሩት። ዋሽተው ላይሆን ይችላል፤ የሰው ግምት እንዲህ ነው።

4. ታዲያ ሁላችንም ካሎሪ እንቁጠር?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ከ600 በላይ ሰዎች ለ12 ወራት ካሎሪ ሳይቆጥሩ አትክልትና ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ እንዲበሉ ተመከሩ። በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀነሱ። ስለዚህ ጤናማ ምግብ መምረጥ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚያው ጥናት ውስጥ ብዙ ኪሎ የቀነሱ እንዳሉ ሁሉ የጨመሩም ነበሩ። ምርጫው ይረዳል፤ መጠኑ ግን ይወስናል።

5. ምን እናድርግ?

✅ ዘይትን ከጀሪካኑ በቀጥታ አታንቆርቁሩ፤ በማንኪያ ለኩ። ሽንኩርቱን በትንሽ ውሃ እያቁላሉ ዘይቱን በግማሽ መቀነስ ይቻላል።
✅ ፍራፍሬውን ብሉት እንጂ አትጠጡት። ከስኳራም ጁስ ይልቅ ግማሽ አቮካዶ በሎሚ።
✅ ለራሳችሁ የሚበቃችሁን በሰሃን አውጡ፤ ጎመንና ሰላጣውን አብዙ፣ እንጀራውን መጥኑ።
✅ የቡናውን ስኳር በግማሽ ቀንሱ።
✅ ለአንድ ሳምንት ብቻ የቀመሳችሁትን ሁሉ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ቆሎውም፣ ጉርሻውም፣ የልጅ ትራፊውም ይጻፍ።
✅ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳትበሉ ተመዘኑ። በውሃና በጨው ምክንያት ኪሎ ከቀን ወደ ቀን ስለሚወጣና ስለሚወርድ የ4 ሳምንቱን አዝማሚያ እዩ።

ከላይ ባሰላነው ቀን ዘይቱ በግማሽ ቢቀንስ 200፣ ጁሱ በግማሽ አቮካዶ ቢተካ 220፣ የቡናው ስኳር በግማሽ ቢቀንስ 50 ካሎሪ ይተርፋል። በድምሩ በቀን 470! ለውዙም አልቀረባችሁም፣ ቡናውም አልቀረባችሁም። ሌላው ምግብ ካልጨመረ መጀመሪያ ላይ በሳምንት ወደ 0.4 ኪሎ ሊያስቀንስ ይችላል። ሰውነት እየቀለለ ሲሄድ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ያ ጤናማ ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ።

6. ሐኪም ማየት ያለበት ማን ነው?

በልካችሁ እየበላችሁ ኪሎ የሚጨምር ከሆነ፣ በተለይ ድካም፣ ብርድ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት ወይም የወር አበባ መዛባት ካለ፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስና ሌሎች ችግሮች መታየት አለባቸው። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ አንዳንድ መድኃኒቶችም ኪሎ ይጨምራሉ፤ ነገር ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ያዘዘላችሁን ሐኪም አማክሩ።

የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ምግብ ከመቀነሳችሁ ወይም ከመጾማችሁ በፊት ሐኪም አነጋግሩ፤ ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና አጥቢ እናቶች ለመቅጠን ብላችሁ ምግብ አትቀንሱ። ሳትሞክሩት ኪሎ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ደስ አይበላችሁ፤ ቶሎ ተመርመሩ።

ደግሞም ሁሉም ሰው መቀነስ የለበትም። ኪሎአችሁን በሜትር ለተለካ ቁመታችሁ ሁለት ጊዜ አካፍሉት። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደት በዝቷል፤ 30 እና ከዚያ በላይ ውፍረት ይባላል። ከ18.5 በታች ከሆነ ግን የሚያስፈልጋችሁ መጨመር ነው።

እናንተ ቤት ለአንድ ወጥ ስንት ማንኪያ ዘይት ይገባል? ዛሬ ለኩትና ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ወጥ ለሚሠራው ሰውም ሼር አድርጉለት፤ ሥራው ከምጣዱ ነው የሚጀምረው።