አረንጓዴው ድንጋይ ቱርማሊን ነው?

ጥያቄ፦ ለእጮኛዬ ቀለበት ላሠራ ነው። በቱርሚ የሰኞ ገበያ አንድ ነጋዴ «አረንጓዴ ቱርማሊን» ብሎ ድንጋይ አሳየኝ። በአንድ ጎኑ ጥቁር ማለት ይቻላል፤ በሌላው ብሩህ አረንጓዴ ነው። ጠርሙስ እንዳይሆን ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል?
ከቱርሚ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ያስፈራዎት ነገር እንዲያውም ደግ ምልክት ነው። ቱርማሊን ብርሃንን እንደ አቅጣጫው ስለሚውጥ በክሪስታሉ ቁመት ሲያዩት ይጠቁራል፣ በጎን ሲያዩት ይፈካል። ጠርሙስ ግን በየትኛውም ወገን አንድ ዓይነት ነው። አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር በድንጋዩ ውስጥ አሳልፈው የኋላ ጠርዞቹን ይዩ፤ አዘንብለው ሲያዩ ጥንድ ሆነው ከታዩ ጠርሙስ አይደለም። ክብ የአየር አረፋ ካዩ ግን ይተዉት። በቢላ መጫር አያስፈልግም፤ ዕቃ ማበላሸት ነው።

የገበያ ፀሐይ ሁሉንም ያሳምራል። ጥላ ውስጥ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገው ይመልከቱት፤ እዚያ ከጠቆረ ጣት ላይም ይጠቁራል፣ እኔ አልገዛውም። ቱርሚ ተሸጠ ማለት እዚያው ወጣ ማለትም አይደለም። በአገራችን ቱርማሊን ከሚገኝባቸው ቦታዎች አንዱ የጉጂው ቀንጢቻ ነው።

በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ከ7 እስከ 7.5 ስለሆነ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ዙሪያውን በብረት የታቀፈ ቀለበት ያሠሩ። አንጥረኛው በእሳት የሚበይደውን ሁሉ ጨርሶ ድንጋዩን በመጨረሻ ያስገባ፤ ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል።

ዋጋው ከበድ ካለ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት አዲስ አበባ ላለ የከበሩ ድንጋዮች ባለሙያ ያሳዩት። በመሣሪያ የሚለካው የብርሃን ስብረት ከ1.62 እስከ 1.64 ገደማ መሆን አለበት።