ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ሊጠብቀው ስለሚገባ ምግባር

አንባቢ ሆይ፤ በዛሬ ዘመን የእጅ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል። በሰርግ ቤትም ሆነ በለቅሶ ቤት፣ በገበያም ሆነ በተማሪ ቤት ደጅ፣ እጁን ዘርግቶ የሰውን መልክ የማይወስድ ጥቂት ነው። ነገሩም እጅግ ስለ ቀለለ ብዙዎች ጨዋታ እንጂ ሥራ አይመስላቸውም። ይሁን እንጂ ይህን ጥበብ በትዕግሥት የተለማመደ ሰው ከዓይኑ ጋራ ጠባዩንም ሲያርም ይኖራል፤ ስለዚህም ጕዳይ ጥቂት ልጽፍልህ ወደድሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

በ1838 ዓ.ም. ሉዊ ዳጌር የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ከተማ በመስኮት ሆኖ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን ጐዳና፣ ብር በተቀባ የመዳብ ሰሌዳ ላይ አነሣ። በዚያ ዘመን መልክ በሰሌዳው ላይ እስኪቀረጽ ድረስ ብርሃኑ ብዙ ደቂቃ መቆየት ነበረበት። ጐዳናው ሰረገላና እግረኛ የሚመላለስበት ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ ግን ባዶ ሆኖ ይታያል፤ የሚሄደው ሁሉ ሳይቀረጽ አልፏልና። አንድ ሰው ብቻ በማዕዘኑ አጠገብ እግሩን አንሥቶ ጫማውን ሲያስጠርግ ስለ ቆመ መልኩ ቀረ። በፎቶግራፍ ላይ ከታዩት ሰዎች የመጀመሪያው እርሱ ነው ይባላል። ጫማውን የሚጠርገው ሊስትሮ ግን በሥራው ምክንያት ስለሚንቀሳቀስ መልኩ ደብዝዞ ቀርቷል። እስኪ ልብ በል፤ የተገለገለው ጐልቶ ሲታይ ያገለገለው ደበዘዘ። መሣሪያው አልዋሸም፤ እውነቱንም ሁሉ አልተናገረም። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ ይዘህ «ነገሩ እንዲህ ነበር» ብለህ ለመፍረድ ስትነሣ ያን ጐዳና አስብ። በተለይ በሰው ላይ ክስ ሲነገር፣ ከአንድ ሥዕል ብቻ ተነሥቶ የሚፈርድ ሰው በዘመናችን እጅግ በዝቷልና ይህን ደጋግሜ ብናገር አይታክተኝም።

ስለ ትዕግሥት ደግሞ ፊልም ከስልክ ይልቅ መልካም አስተማሪ ነው፤ ዛሬ በፊልም የሚሠሩት ጥቂቶች ቢሆኑም። የተለመደው ጥቅል የሚይዘው 36 ሥዕል ብቻ ስለ ሆነ ሰው ከማንሣቱ አስቀድሞ ያስባል። ያነሣውንም ወዲያው አያየውም፤ በጨለማ በመድኃኒት እስኪታጠብ ድረስ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ቢሞቅ ወይም ደቂቃው ቢያልፍ ፊልሙ ከልክ በላይ ይጠቁራል፤ ቶሎ ቢወጣም መልኩ ይሳሳል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን የፈሰሰው እንኳ አይለቀምም። ከዚያም በኋላ መልኩን የሚያጸና ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። ቶማስ ዌጅዉድ የተባለው እንግሊዛዊ፣ ሥራው በ1802 ዓ.ም. የታተመለት፣ በብርሃን ሥዕል ማውጣትን አውቆ ነበር፤ የሚያጸናውን ነገር ስላላገኘ ግን ሥዕሎቹ በጨለማ ካልተቀመጡና በደካማ ብርሃን ካልታዩ በቀር ይጠፉበት ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው በመሣሪያው ፊት ለሚቆመው ሰው ያለብን ዕዳ ነው። በ1936 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ ዶሮቲያ ላንግ የምትባል አሜሪካዊት ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የድኾችን ኑሮ ስታነሣ ቆይታ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር። ኒፖሞ በምትባል ስፍራ የአተር ለቃሚዎች ሰፈር መኖሩን የሚያመለክት ጽሑፍ አይታ አለፈች፤ 20 ማይል፣ ማለት 32 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደች በኋላ ልቧ አላርፍ ብሏት ተመለሰች። አተሩ በውርጭ ስለ ጠፋ ሥራ ካጡት ሰዎች መካከል አንዲት እናት ከልጆቿ ጋራ በድንኳን ተጠግታ አገኘችና፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጥቂት ሥዕል አንሥታ ሄደች። ሥዕሎቹ በጋዜጣ በወጡ ጊዜ ወደ ሰፈሩ 20,000 ፓውንድ፣ ማለት 9,000 ኪሎ ያህል ምግብ ተላከ። ስለዚህ ፎቶግራፍ የተራበን ያበላል ብንል ሐሰት አይሆንም። ምግቡ ሲደርስ ግን ያቺ እናት ከሰፈሩ ሄዳ ነበር።

ላንግ ራሷ ኋላ እንደ ተረከችው፣ የሴቲቱ ዕድሜ 32 ዓመት መሆኑን ሰማች እንጂ ስሟንም ታሪኳንም አልጠየቀችም። ቤተ ሰቡ የመኪናቸውን ጎማ ለምግብ እንደ ሸጡም ተናገረች፤ ልጆቹ ግን አድገው ይህ ከቶ አልሆነም አሉ። «ስደተኛ እናት» የተባለው ሥዕል በዓለም ሁሉ ሲታወቅ፣ ሴቲቱ ፍሎረንስ ኦወንስ ቶምሰን መሆኗ የተሰማው 42 ዓመት ቈይቶ በ1978 ዓ.ም. ነው። እርስዋም ባልተነሣሁ ኖሮ ብላ ዐዘነች፤ ከሥዕሉ አንዳች ጥቅም አለማግኘቷንም ተናገረች። ስለ ላንግ እውነቱን እንናገር፤ ሥዕሉ የመንግሥት ንብረት ስለ ነበረ እርስዋም ከሽያጩ አልበለጸገችም፤ ርኅሩኅ ባትሆን ኖሮም ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ ባልተመለሰች። እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው፤ 32 ኪሎ ሜትር የተመለሰች ሴት አንድ ስም ሳትጠይቅ መሄዷ። በእኛም አገር በ1984 ዓ.ም. በኮረም የተነሡት ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች ዓለምን አስለቅሰው ብዙ እርዳታ አምጥተዋል፤ በዚያ ከታዩት ወገኖቻችን ግን የብዙዎቹ ስም ሳይነገር መልካቸው ብቻ አገር ላገር ዞረ።

እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፣ በመንገድ የምታከብራቸውን አሮጊት ስታገኝ፣ ከሩቅ ተደብቀህ አታንሣ። ቀርበህ እጅ ንሣና «እማማ፣ ላንሣዎት ይፈቅዳሉ?» በል። እምቢ ቢሉህ መሣሪያህን አውርድ፤ ጨዋታህን ግን አታቋርጥ። ሕፃን ቢሆን ወላጁን ጠይቅ። ለቅሶ ቤት ከሆነ ስልክህ ከኪስህ ባይወጣ ይሻላል። ቢፈቅዱልህ ስማቸውንና የአባታቸውን ስም ጠይቀህ ጻፍ፤ አንዱንም ሥዕል በወረቀት አሳትመህ በእጃቸው አድርስ። ስሙንና ቀኑን ከጀርባው በለስላሳ እርሳስ ጻፍበት፤ የብዕር ቀለም በወረቀቱ ዘልቆ ፊቱን ሊያበላሸው ይችላልና።