ጌዴዎንና ሦስት መቶዎቹ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዛሬው ጽሑፋችን ከመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 6 እስከ 8 የሚገኘውን የጌዴዎንን ታሪክ እንመለከታለን።

1ኛ/ የአገሩ ሁኔታ

እስራኤል እግዚአብሔርን ስለ በደሉ 7 ዓመት በምድያማውያን እጅ ተጨነቁ። ምድያማውያን ከአማሌቃውያንና ከምሥራቅ ሰዎች ጋር ተባብረው፥ ገበሬው ዘርቶ ሲያበቃ በግመሎቻቸው እየመጡ እንደ አንበጣ ይሰፍሩ፥ እስከ ጋዛ ያለውንም አዝመራ ያጠፉ ነበር። ሕዝቡ ዋሻ ገባ። ጌዴዎንም ስንዴውን ነፋስ በሚያገኘው አውድማ ላይ መውቃት ሲገባው፥ እንዳይታይ በወይን መጥመቂያ ውስጥ ይወቃ ነበር። መልአኩ ኃያል ብሎ የጠራው በዚህ በተደበቀበት ቦታ ነው።

2ኛ/ የሠራዊቱ መቀነስ

ጌዴዎን መለከት ሲነፋ 32,000 ሰዎች ተሰበሰቡ። የጠላት ጦር 135,000 ያህል ነበር። ሆኖም ሕዝቡ ድሉን ለራሱ ጉልበት እንዳይሰጥ፥ እግዚአብሔር ቁጥሩ እንዲቀነስ አዘዘ። የፈራ ይመለስ ሲባል 22,000 ተመለሱ። ይህ ቅጣት አይደለም፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 የተሠራ ሕግ ነው። የቀሩት 10,000ም በውኃ አጠጣጣቸው ተፈትነው 300 ብቻ ተመረጡ።

ጌዴዎን ራሱስ ፈሪ አልነበረምን? የበኣልን መሠዊያ ያፈረሰው የአባቱን ቤተ ሰብና የከተማውን ሰዎች ፈርቶ በሌሊት ነው። ጸምር ዘርግቶም 2 ጊዜ ምልክት ጠየቀ፤ ይህንን ጸምር አባቶቻችን የእመቤታችን ምሳሌ አድርገው ይተረጉሙታል። እግዚአብሔር ግን አላሰናበተውም። ጌዴዎን እየፈራም ቢሆን የታዘዘውን አላስቀረም፤ በቀን ያልደፈረውን መሠዊያ በሌሊት አፈረሰው፤ ሳይፈርስ ግን አላደረም።

3ኛ/ ውጊያው

ጌዴዎን 300ውን በ3 ክፍል መደበ። ለእያንዳንዱም መለከት፥ ባዶ ማሰሮና በማሰሮው ውስጥ ችቦ ሰጠ። በእኩለ ሌሊት ገደማ፥ ዘበኞች በተለወጡበት ሰዓት፥ ማሰሮዎቹን ሰብረው መለከቱን ነፉ። በግራ እጃቸው ችቦ፥ በቀኛቸው መለከት ስለ ነበረ ሰይፍ የሚመዝዙበት እጅ አልተረፋቸውም። ሥራቸው በተመደቡበት ቦታ መቆም ብቻ ነበር። ጠላት በጨለማ እርስ በርሱ ተራርዶ ሸሸ።

ከዚህ በኋላ የንፍታሌም፥ የአሴርና የምናሴ ሰዎች ተጠርተው አሳደዱ። እነዚህ ነገዶች ቀድሞም ተጠርተው የነበሩ ናቸው። በመጀመሪያው ጥሪ ለተመለሰ ሁለተኛ ጥሪ ነበረው ማለት ነው።

4ኛ/ ከድል በኋላ

ሕዝቡ ንገሥልን ሲለው ጌዴዎን እምቢ አለ። ነገር ግን ከምርኮው 1,700 ሰቅል የሚመዝን የወርቅ ጉትቻ ተቀብሎ ኤፉድ አሠራ፤ በከተማው በዖፍራም አኖረው። እስራኤልም ያንን አመለኩ፤ ለቤቱም ወጥመድ ሆነ። ጠላት ያልጣለውን ሰው የድል መታሰቢያ አሰናከለው።

5ኛ/ ለእኛ የሚሰጠን ትምህርት

ወንድሞችና እኅቶች፤ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ማተቡን ከሸሚዙ ሥር የሚደብቅ ወጣት በወይን መጥመቂያ ውስጥ እንደሚወቃው ጌዴዎን ነው። እንዲህ ያለውን ወንድም አንናቀው፤ እግዚአብሔር የሚጠራው ከዚያው ነው። በጉባኤያችን የምንገኘው ጥቂት ብንሆንም አንዘን፤ እያንዳንዳችን በየቦታችን እንቁም። መልካም ሥራ ሠርተን ስንመሰገን ግን ያን ጊዜ ይበልጥ እንፍራ።

የመወያያ ጥያቄ፤
ሀ/ ፈርቶ በተመለሰውና እየፈራ በታዘዘው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ለ/ የእኛ ኤፉድ ምን ሊሆን ይችላል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።