ባለ ቀንድ ምንቃሩ ወፍና ያረጀው ዛፍ

ልጆች፣ በዛሬው ጥናታችን ስለ አንድ ጯኺ ወፍ እንማራለን።

በሀገራችን ደቡብ ምዕራብ፣ በከፋና በሸካ፣ ዝናብ የማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። በዚያ ብትሄዱ ወፉን ከማየታችሁ በፊት ድምፁን ትሰማላችሁ። አንዳንዴ እንደ በግ፣ አንዳንዴም እንደ አህያ ይጮኻል። ሲበር የክንፉ ድምፅ እንኳ ከሩቅ ይሰማል።

መልኩ ጥቁር ነው፤ የሆዱ ታች ግን ነጭ፣ ጉንጩም ብርማ ነው። በትልቁ ምንቃሩ ላይ ቀንድ የሚመስል ነገር ተደርቦበታል፤ ስለዚህ በዚህ ትምህርት ባለ ቀንድ ምንቃር እንለዋለን። ብቻውን መኖር አይወድም። ሾላ ወይም ዋርካ ሲያፈራ ብዙ ሆነው ይሰበሰባሉ፤ ሲመሽም አንዳንዴ ከ100 በላይ ሆነው በአንድ ስፍራ ያድራሉ። የዚያን ሰዓት ጫጫታ እናንተው ገምቱት!

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የጎጆው ነገር ነው። ይህ ወፍ እንደ ሌሎቹ ሣር አይጎነጉንም፤ ዛፍ መፈልፈልም አይችልም። ስለዚህ በእርጅና ግንዱ ውስጥ ቀዳዳ ያበጀ ትልቅ ዛፍ ይፈልጋል። ሲያገኝ ተባዕቱ አፈር ውጦ፣ አላቁጦ ያመጣል፤ እንስቷም ከውስጥ ሆና በሩን በጭቃው ትደፍነዋለች። የሚቀረው ጠባብ ስንጥቅ ብቻ ነው። ጦጣም ሆነ እባብ እንዳይደርስባት ራሷን ታስራለች ማለት ነው። 1 ወይም 2 እንቁላል ትጥልና ጫጩቱ እስኪያድግ ከ3 ወር በላይ ከዚያ አትወጣም።

ታዲያ ምን ትበላለች? ተባዕቱ ፍሬ በጉሮሮው ሞልቶ ይመጣና አንድ በአንድ እያወጣ በስንጥቁ ያቀብላታል። በአንድ የጎጆ ወራት 24,000 ያህል ፍሬ እንደሚያመላልስ ተገምቷል። አንድ ልጅ ይህን ወፍ በወንጭፍ ቢመታው እንግዲህ የሚጎዳው አንድ ወፍ ብቻ ነውን? ውስጥ ያሉትንስ ማን ያበላቸዋል?

ደኑም ከወፉ ይጠቀማል። የበላውን ፍሬ ዘር ከእናት ዛፉ አርቆ ይጥለዋል፤ ዘሩም በዚያ ይበቅላል። ነገር ግን ዛሬ የበቀለ ችግኝ ለጎጆ የሚሆን ቀዳዳ እስኪኖረው ብዙ ዘመን ይፈጃል። «ይህ አሮጌ ዛፍ ምን ይሠራል?» ብሎ የሚቆርጥ ሰው ይህን አላሰበም።

ባለ ቀንድ ምንቃር ከከፋ ርቆ በጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌም ይገኛል። በዚያ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉ ገዳማት በዛፍ ተከበው ስለሚኖሩ ወፉም ማደሪያ አላጣም።

ለሚቀጥለው ሳምንት፦ በአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ግንዱ ቀዳዳ ያለው ያረጀ ዛፍ አለን? ሳትነካኩት ከሩቅ ሆናችሁ ተመልከቱ፤ ምን ምን ወፍ እንደሚገባበትም በደብተራችሁ ጽፋችሁ ኑ።