ተርቦ ለማስገጠም ያሰበ ሰው ገንዘቡን እንዴት ይመድብ?

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ቤንዚን ብቻውን አይነድም፤ ለመንደድ አየር ያስፈልገዋል። በኬሚስትሪ ትምህርት እንደሚነገረን 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ስለዚህ የሞተር ጉልበት የሚወሰነው በሚጠጣው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን በሚስበው አየር ክብደት ጭምር ነው። ተርቦ የሚባለውም መሣሪያ የተሠራው ለዚሁ ነው። ከሞተር በከንቱ የሚወጣው ጭስ አንድ ባለ ክንፍ መዘውር ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ማዶ ጫፍ ያለው ሁለተኛው መዘውር ደግሞ አየርን እየጨመቀ ወደ ሞተሩ ይገፋል። የዚህን ሐሳብ የፈጠራ መብት እ.ኤ.አ. በ1905 ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊስ አገር መሐንዲስ ነው።

እኔ የምኖረው በመርካቶ፥ የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከሶማሌ ተራ ብዙ ሳልርቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ 1,587 ሲሲ ሞተር ያላት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ አለችው። ሳምንቱን ሙሉ ሰው እያመላለሰች የቤታችንን ወጪ ትሸፍናለች። የእንጦጦ ዳገት ቢያሰለቸው፥ መኪናዋም ፈጣን እንድትሆን ቢመኝ፥ ባጠራቀመው ገንዘብ ተርቦ ሊያስገጥምላት አሰበና ወጪውን እንዳሰላለት ጠየቀኝ። ሞተሩ ቢበላሽ የሚጎዳው የእርሱ ደስታ ብቻ ሳይሆን የቤታችንም እንጀራ ስለ ሆነ፥ መምህሬንና መካኒኮችን እየጠየቅሁ ነገሩን በጥንቃቄ አጠናሁት። ያገኘሁትንም ለእናንተ ለአንባቢዎቼ በተቻለኝ መጠን አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ አዲስ አበባ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ መሆኑን እናስታውስ። በባሕር ዳርቻ የአየር ግፊት 1 ባር ያህል ሲሆን በከተማችን 0.76 ባር ያህል ብቻ ነው። የወንድሜ ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር 4,050 ሊትር ያህል አየር ይስባል ብንል፥ ይህ አየር በባሕር ዳርቻ 4.86 ኪሎ ግራም ሲመዝን በአዲስ አበባ ግን 3.65 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል። ይህም ማለት መኪናዋ ገና ከቤት ሳትወጣ የጉልበቷን ሩብ ያህል ለከፍታው ገብራለች ማለት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አስወጥቶ ነበር። ሞተሩ በከፍታው ምክንያት የደከመ ሲሆን፥ ተርቦ ሲገጠምለት በዝቅተኛ ስፍራ የነበረውን ጉልበት መልሶ አገኘ። እንግዲህ ተርቦ ገና ከጅምሩ የደጋ ሰው መድኃኒት ነበረ ማለት ይቻላል።

ለወንድሜ ያቀረብሁት ዋና ሐሳብም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይኸውም ከፍታው የወሰደብንን ማስመለስ እንጂ ፋብሪካው ያልሰጠንን መመኘት አይገባም የሚል ነው። ተርቦው 0.25 ባር ቢጨምር 0.76 እና 0.25 ተደምረው 1.01 ባር ይሆናሉ። ይህ የባሕር ዳርቻ ግፊት ነው። የኮሮላዋ ፒስተንም ሆነ ፍሪሲዮን ወይም የቤንዚን መርጫዎቿ በፋብሪካ የተሠሩት ይህን ያህል አየር እንዲችሉ ስለ ሆነ፥ ሁሉንም ለመለወጥ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ብዙ ወጣቶች ግን 0.5 ባር ይመኛሉ። በባሕር ዳርቻ 0.5 ባር ለመጨመር አየሩን 1.5 ጊዜ መጭመቅ ይበቃል። በአዲስ አበባ ግን ከ0.76 ተነሥቶ 1.26 ለመድረስ 1.66 ጊዜ መጭመቅ ግድ ነው። ስለዚህ ተርቦው ከመጠን በላይ ይሽከረከራል፤ አየሩም ይግላል። ባሰላሁት መሠረት 20 ዲግሪ ሆኖ የገባ አየር በ0.25 ባር ጭማሪ ወደ 58 ዲግሪ፥ በ0.5 ባር ጭማሪ ግን ወደ 90 ዲግሪ ይደርሳል። የጋለ አየር ቤንዚኑን ያለ ጊዜው ያቀጣጥለዋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱም ፒስተን ይሰብራል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የተርቦውን ግፊት የሚወስነው የጭስ ማስተንፈሻ በር፥ ጭማሪውን የሚለካው ከአካባቢው አየር ተነሥቶ ነው። መኪናዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳላት ወደ ድሬዳዋ ብትወርድ የአካባቢው ግፊት 0.88 ባር ያህል ይሆናል። በ0.25 ጭማሪ 1.13 ባር፥ በ0.5 ጭማሪ ግን 1.38 ባር ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ የቆላው ሙቀት ሲጨመር፥ በአዲስ አበባ ደኅና የነበረው ሞተር እዚያ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ ጭማሪውን ማስቀነስ አለበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከየመቶው ብር እንዲህ ቢመደብ ይሻላል ብዬ ወስኛለሁ።

አንደኛ፤ ለሞተሩ ጤንነት፥ ማለት ለፋሻ፥ ለጓርኒሲዮን፥ ለራዲያተርና ለውሃ ፓምፕ 30 ብር።
ሁለተኛ፤ ለተርቦው፥ ለጭስ መሰብሰቢያው ብረትና ለብየዳው 20 ብር።
ሦስተኛ፤ አየሩን ለሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርና ለዘይት ቧንቧ 10 ብር።
አራተኛ፤ ለካንዴላ፥ ለቤንዚንና ለእሳት ማስተካከያ፥ እንዲሁም ለመለኪያ መሣሪያ 15 ብር።
አምስተኛ፤ ለፍሬንና ለጎማ 15 ብር።
ስድስተኛ፤ ላልታሰበ ነገር መጠባበቂያ 10 ብር።

እንደምታዩት ተርቦው ራሱ የሚወስደው ከወጪው አንድ አምስተኛውን ብቻ ነው። ገንዘባቸው በመንገድ የሚያልቅባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ተርቦውን አስቀድመው ገዝተው የቀረውን የሚረሱ ናቸው።

ያገለገለ ተርቦ የሚገዛ ሰው ዘንጉን በጣቱ ይዞ ይፈትነው። ወደ ጎን ጥቂት ቢነቃነቅ የተለመደ ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ግን አይግዛው። ክንፎቹ እንዳልተሸረፉና የዘይት ምልክት እንደሌለባቸውም ይመልከት። ከትልቅ የናፍጣ መኪና የወጣ ተርቦ ለትንሽ ሞተር አይሆንም፤ ጭሱ ስለማይበቃው ዘግይቶ ይነሣል፤ የቤንዚን ጭስም ከናፍጣው ይልቅ ስለሚግል ብረቱን ይጎዳዋል።

ከሁሉ በፊት ግን የሞተሩ ትንፋሽ ይለካ። በዚህም ጊዜ ከፍታውን ማሰብ ያሻል። የፋብሪካው መጽሐፍ 13 ባር ቢል፥ በአዲስ አበባ ጤነኛ ሞተር የሚያሳየው 10 ባር ገደማ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ደኅናውን ሞተር ታሟል ብሎ ሊያስፈታው ይችላል። የወንድሜ መኪና ስትለካ ሦስቱ ሲሊንደሮች 10 ባር ገደማ ሲያሳዩ አራተኛው 7 ብቻ አሳየ። መካኒኩ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት አፍስሰው እንደ ገና ሲለኩት ወደ 9 ወጣ። ዘይት ሲገባ ቁጥሩ ከወጣ ጥፋቱ የፋሻ ነው፤ ፋሻ ማለት ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች ናቸው። ባይወጣ ኖሮ ጥፋቱ የቫልቭ ወይም በቴስታታው ሥር ያለው የጓርኒሲዮን ይሆን ነበር። እኒያ ሽማግሌ መካኒክም «ልጄ፥ ተርቦ የታመመ ሞተር አያድንም፤ ሞቱን ያፋጥናል እንጂ» አሉኝ። ስለዚህ ወንድሜ በዚህ ዓመት ያጠራቀመው ገንዘብ ለፋሻና ለፍሬን ዋለ፤ ተርቦው ለከርሞ ተላልፏል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ በእጃችን ያሉትን መኪናዎች በእውቀት መያዝ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ደግሞም የተጨመረ ጉልበት ለዳገትና ለጭነት እንጂ በሰው መካከል ለመሽቀዳደም አይደለም። ተርቦ ያላት መኪና ዳገት ከወጣች በኋላ ሞተሯ ወዲያው አይጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራ፤ የጋለውን ዘንግ የሚያቀዘቅዘው የሚዘዋወረው ዘይት ነውና።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ ሒሳብና ፊዚክስ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚቀሩ አይምሰሏችሁ። መደመርና ማካፈል የሚችል ተማሪ የቤተሰቡን ገንዘብ ከጥፋት ሊያድን ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ከመግዛት በፊት መለካት፥ ከመለካትም በኋላ ማስላት ይቅደም።