ሳይታመሙ ስለ መክፈል፤ የጤና መድንና የሕዝብ አስተያየት



በየዓመቱ መኸር ተሰብስቦ እህል ጎተራ ሲገባ፣ በገጠር ቀበሌዎች ስለ ጤና መድን መዋጮ ስብሰባ ይጠራል። በስብሰባውም ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ «ባለፈው ዓመት ከፍዬ ነበር፤ ከቤቴ የታመመ ሰው ግን አልነበረም። ታዲያ ገንዘቤ የት ገባ?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ ተነሥቶ፣ «እኔስ ታምሜ ሄጄ ነበር፤ መድኃኒቱን ግን ከውጭ ግዛ ተባልሁ። ታዲያ የከፈልሁት ለምንድን ነው?» ይላል።

ሁለቱም ጥያቄዎች የቅሬታ ድምፅ አላቸው፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። የመጀመሪያው በማስተማር የሚመለስ ነው። ሁለተኛው ግን በማስተማር ብቻ አይመለስም፤ የሚመለሰው መድኃኒት በማቅረብ ነው። ሁለቱን ሳንለይ «ሕዝቡ መድንን አይወድም» ብንል ሕዝቡን እንበድላለን፤ «መድን ጥቅም የለውም» ብንልም እውነትን እንበድላለን። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የጤና መድን ምን እንደሆነ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸከምና ሕዝቡ ምን እንደሚል በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. ወጪው ከመድኑ በፊትም ነበረ

ስለ ጤና አገልግሎት ማሻሻያ ሲነገር ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ያስከፍላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «እስከ አሁን ሲከፍል የኖረው ማን ነው?» የሚለው ነው።

በሀገራችን በየጊዜው የተደረጉት የጤና ወጪ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ ለጤና ከሚወጣው ጠቅላላ ገንዘብ ውስጥ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው በቀጥታ ከሕመምተኛው ኪስ የሚወጣ ነው። የቀረውን መንግሥትና የውጭ ረጂዎች ሲሸፍኑት ቆይተዋል። የአፍሪካ መሪዎች በ1993 ዓ.ም. በአቡጃ ተሰብስበው ከመንግሥታቸው በጀት 15 በመቶውን ለጤና ለመመደብ ቃል ገብተው ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ከዚያ ሳይደርሱ ቀርተዋል። የጎደለውን የሚሞላው እንግዲህ የሕመምተኛው ቤተሰብ ነው።

ይህ ወጪ በገጠር ምን መልክ እንዳለው ሁላችን እናውቃለን። ሚስቱ በክረምት የታመመችበት ገበሬ በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል፤ ችግሩን ያዩ ነጋዴዎችም ዋጋውን ዝቅ አድርገው ይገዙታል። በሬ የሌለው ገንዘብ በአራጣ ይበደራል። ይህም ያልሆነለት «እስኪ ትንሽ እንታገሥ» እያለ በሽተኛውን ቤት ያቆያል፤ ጤና ጣቢያ የሚደርሰውም ሕመሙ ከጠና በኋላ ነው። የተሸጠው በሬ፣ የአራጣው ዕዳ፣ በመዘግየት የጠፋው ሕይወት በማንም የበጀት መዝገብ አይጻፉም፤ ሆኖም ከሁሉ የከበዱ ወጪዎች እነዚህ ናቸው።

2. ማሻሻያው እንዴት ተጀመረ?

በ1990 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት የገንዘብ አቅምን የሚመለከት ስልት በመንግሥት ጸደቀ። ከዚያ በፊት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ከሕመምተኞች የሚሰበስቡትን ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር። ከማሻሻያው በኋላ ግን በየክልሉ ሕግ እየወጣ ገቢያቸውን እዚያው አስቀርተው መድኃኒት ለመግዛትና አገልግሎታቸውን ለማሻሻል እንዲያውሉት ተፈቀደ።

ቀጥሎም ሁለት ዓይነት መድን ታሰበ። አንደኛው ደመወዝተኞችን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን ሲሆን፣ ሕጉ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ። ሁለተኛው ለገበሬውና በከተማ በግል ሥራ ለሚተዳደረው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ይህኛው በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። እነርሱም በአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ፣ በኦሮሚያ ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ፣ በያኔው የደቡብ ክልል ዳምቦያ፣ ዳሞት ወይዴና ይርጋለም፣ በትግራይ ደግሞ ክልተ አውላዕሎ፣ አሕፈሮምና ታሕታይ አድያቦ ናቸው። ከዚያም እየሰፋ ሄዶ አብዛኛውን የሀገሪቱን ክፍል አዳረሰ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን በትግራይ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ በአጎራባች የአማራና የአፋር አካባቢዎችም ብዙ የጤና ተቋማት ወደሙ። መድን ያለ ሰላም እንደማይቆም ከዚህ እንማራለን።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አባል የሚሆነው አንድ ሰው ብቻውን ሳይሆን ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ምክንያቱም በግለሰብ ቢሆን ኖሮ የታመመው ብቻ ተመዝግቦ ጤነኛው ይቀር ነበር፤ የሕመምተኞች ብቻ የሆነ ሣጥን ደግሞ ዓመት ሳይሞላው ባዶ ይሆናል። ቤተሰቡ በዓመት አንድ ጊዜ ከፍሎ ደብተር ይቀበላል። አባሉ ሲታመም በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ተኝቶ መታከምና ቀዶ ሕክምና በመድኑ ይሸፈናሉ። በውጭ ሀገር መታከም፣ መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ለውበት የሚደረግ ሕክምና ግን አይሸፈኑም። መክፈል ለማይችሉ የድሀ ድሀ ቤተሰቦች መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል፤ በጠቅላላው መዋጮ ላይም መንግሥት ድጎማ ያደርጋል።

3. ሕዝቡ ምን ይላል?

ሀ) «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ?» ይህን የሚል ሰው መድንን እንደ ቁጠባ ቆጥሮታል። የቆጠበ ሰው ገንዘቡን ቆይቶ ይወስዳል፤ መድን ግን እንዲህ አይደለም። የዘንድሮው የእኔ ብር ዘንድሮ ለታመመው ጎረቤቴ ይውላል፤ የከርሞው የእርሱ ብር ደግሞ ምናልባት ለእኔ ልጅ ይሆናል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ ምናልባት በማላውቃት አንዲት እናት የቀዶ ሕክምና ሂሳብ ውስጥ ገብቷል።

ለ) «ከፍዬ መድኃኒት አጣሁ።» ይህ ከሁሉ የከበደ ቅሬታ ነው። በየቦታው በተደረጉ ጥናቶች አባላት ደብተራቸውን ላለማደስ ደጋግመው ከሰጧቸው ምክንያቶች መካከል የመድኃኒት እጥረት፣ ረጅም ወረፋና «ባለ ደብተር» እየተባሉ በንቀት መስተናገድ ይገኛሉ። የችግሩ ሥር የሙያተኛው ቸልተኝነት ብቻ አይደለም። ሀገራችን ከምትጠቀምበት መድኃኒት ብዙው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የብር ዋጋ በእጅጉ ቀንሷል። በአሮጌ ዋጋ የተሰበሰበ መዋጮ በአዲስ ዋጋ መድኃኒት አይገዛም። በዚህም ምክንያት መዋጮው በየጊዜው ከፍ ይላል፤ ከፍ ባለ ቁጥርም ቅሬታው ይጨምራል። ነገር ግን ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ መናገር ለባለ ደብተሩ መድኃኒት አይሆነውም። ገንዘብ ተቀብሎ አገልግሎቱን አለመስጠት፣ ሰበቡ ምንም ይሁን ምን፣ ቃልን ማጠፍ ነው።

ሐ) «ድሀውም ሀብታሙም እኩል ይክፈሉ?» ለረጅም ጊዜ አራት በሬ ያለውና ጥማድ የሌለው አንድ ዓይነት መዋጮ ሲጠየቁ ኖረዋል። ከድሀ ድሀ መዝገብ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚገኘው ቤተሰብ፣ ማለትም በነጻ የማይታከመው፣ ለመክፈልም የሚጨነቀው፣ በዚህ መካከል ይጎዳል። ሌሎች ሀገሮችም ይኸው ጥያቄ ገጥሟቸዋል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ወጥ የነበረውን መዋጮ ትታ በቤተሰብ የኑሮ ደረጃ እንዲከፈል አድርጋለች። ጋናም እ.ኤ.አ. በ2003 መድኑን በሕግ ስታቋቁም ከመዋጮው በተጨማሪ በሸቀጦችና በአገልግሎቶች ላይ 2.5 በመቶ ልዩ ቀረጥ ጥላለች። ስለዚህ ይህን የሚጠይቅ ምእመን ማሻሻያውን የሚቃወም ሳይሆን እንዲታረም የሚሻ ነውና ሊደመጥ ይገባዋል።

መ) የደመወዝተኛው ሥጋት። በማኅበራዊ ጤና መድን ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም በበኩሉ 3 በመቶ እንዲከፍሉ ተወስኖ ነበር፤ ነገር ግን የሚጀመርበት ቀን በተደጋጋሚ ሲተላለፍ ኖሯል። ሠራተኞች ደመወዛቸው ለቤት ኪራይና ለቀለብ እንኳ እንደማይበቃ ተናገሩ፤ አሠሪዎቻቸው ያሳክሟቸው የነበሩትም ያላቸውን እንዳያጡ ሠጉ፤ ሌሎችም በመንግሥት ሆስፒታሎች አገልግሎት ላይ እምነት እንደሌላቸው ገለጹ። ሥጋታቸው መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ነገር ግን ይህም ሊታሰብ ይገባል፤ ደመወዝተኛው ከውጭ ቆሞ ሲቀር፣ ከሁሉ ያነሰ ገቢ ያለው ገበሬ ብቻውን ሣጥኑን እንዲሞላ ይተዋል።

4. ዕድር ምን ያስተምረናል?

በዕድር ዓመቱን ሙሉ ከፍሎ በቤቱ ለቅሶ ስላልገባ «ገንዘቤ ተበላ» የሚል ሰው ማን ነው? ማንም የለም፤ እንዲያውም «እንኳን አላደረሰብኝ» ይላል። ሳይደርስብን ለሌላው መክፈልን እንግዲህ ከአባቶቻችን ተምረነዋል፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ነገር አይደለም። ታዲያ ለሞት የምንከፍለውን ለሕይወት ለመክፈል ለምን እናመነታለን?

መልሱ በዕድሩ አሠራር ውስጥ ይገኛል። የዕድሩን ዳኛ እኛው መርጠነዋል። ገንዘብ ያዡ በጉባኤ ፊት ሂሳቡን ያሰማል። ለቅሶ በደረሰ ቀን ድንኳኑ ሳይተከል ቢቀር ዳኛውን በአደባባይ እንጠይቀዋለን። በጤና መድን ግን ብዙው አባል የሚያውቀው ገንዘቡን የሰጠበትን ቀን ብቻ ነው፤ ስንት ብር እንደተሰበሰበ፣ ለየትኛው ሆስፒታል ስንት እንደተከፈለ፣ ምን ያህል እንደቀረ አይነገረውም። እንግዲህ ሕዝቡ የጎደለበት የመተዛዘን ልማድ ሳይሆን በመድኑ ላይ እምነት ነው። እምነትም በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ይሠራል፤ በዚያው መስኮት ላይም ይፈርሳል።

5. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1963 «ሰላም በምድር» በተባለው መልእክታቸው ሕክምና ማግኘትን፣ በበሽታም ጊዜ መረዳትን ከሰው ልጅ መብቶች መካከል ቆጥረዋል። መብት ከሆነ ደግሞ መብቱን የሚያስከብር፣ ወጪውንም የሚሸከም ሊኖር ግድ ነው። በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን ደጉን ሳምራዊ እናስታውስ። ቁስሉን በማሰር ብቻ አላበቃም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፍሎ የሚጨመር ወጪ ቢኖር ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። ርኅራኄው ሂሳብ ነበረው። የማረፊያው ባለቤትም ገንዘቡን የተቀበለው በሽተኛውን ሊጠብቅ ነው እንጂ ደጅ ሊያስቀምጠው አይደለም። ከፋዩና ተቀባዩ ሁለቱም ግዴታ አለባቸው።

6. በየቁምስናችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መምህራን የመድንን ትርጉም በዕድር ምሳሌ ያስረዱ፤ ነገር ግን እውነተኛውን ቅሬታ በስብከት አይሸፍኑ። ሁለተኛ፣ መድኃኒት የተከለከለ አባል ቀኑን፣ የመድኃኒቱን ስምና የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ለወረዳው የመድን ክፍል እንዲያመለክት ይርዱት፤ «መድኑ አይረባም» ከሚል መቶ ሰው ይልቅ ደረሰኝ የያዙ አሥር ሰዎች ይሰማሉ። ሦስተኛ፣ የድሀ ድሀ ዝርዝር በቀበሌ ሲዘጋጅ የተረሱት እንዲታሰቡ እንጠይቅ፤ ጧሪ የሌላት አሮጊትና የአልጋ ቁራኛ የሆነው በሽተኛ ስብሰባ ላይ ስለማይገኙ ስማቸው በቀላሉ ይቀራል። አራተኛ፣ የዓመቱ ሂሳብ በሕዝብ ፊት እንዲነበብ በትሕትና፣ ግን ሳንታክት እናሳስብ።

መዋጮ መክፈል ግዴታችን ነው፤ ስለ ከፈልነው መጠየቅም እንዲሁ ግዴታችን ነው። አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተው ሣጥኑን አይጠብቀውም።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ሰዎች ስለ ጤና መድን የሚያነሡት ቅሬታ የትኛው ነው? በትምህርት የሚመለስ ነው ወይስ በሥራ?
2. በዕድራችሁ ካለው አሠራር የጤና መድኑ ሊወስደው የሚገባ ምንድን ነው?
3. በቁምስናችሁ መዋጮውን መክፈል ያቃተው፣ በነጻ መታከሚያው መዝገብም ያልገባ ቤተሰብ አለ? ለእርሱ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?